ማር ተራ የገባው ዝንብ አጥማጅ

አባቴ መርካቶ ማር ተራ ውስጥ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ ከዝንብ ጋር ጦርነት ላይ ነበር። ጭራ ሞክሯል። የሚያጣብቅ ወረቀት ከጣሪያው አንጠልጥሏል። በሩ ላይ የመረብ መጋረጃ ሰቅሏል። አንድ ሰሞን ዝንብ የሚያቃጥል የኤሌክትሪክ መብራት ገዝቶ ነበር፤ ግን ጠሽ ባለ ቁጥር ማር የሚቀምሱ ደንበኞች ማንኪያውን ከአፋቸው አውጥተው ወደ ላይ ስለሚያንጋጥጡ ራሱ ነቀለው። ዝንቦቹ ምንም አልሆኑም። በጀሪካኑ አፍ፣ በሚዛኑ ሳህን፣ አንዳንዴም በአባቴ ነጭ ኮፍያ ላይ ይሰፍሩ ነበር።

እኔ ትምህርቴን ስጨርስ አብሬው መሥራት ጀመርኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሱቁን የምንከፍተውም የምንዘጋውም ሁለታችን ነን። አባቴ የወሎ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ መጥቶ እዚሁ ቀረ። ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ነው የሚለው። ማር በምላሱ ጫፍ ነክቶ ከየት እንደመጣ፣ ስኳር ይግባበት አይግባበት ይናገራል። ተሳስቶ አላየሁም።

የጫካ ማር ከማሻ በኩል የሚያመጡልን አንድ ነጋዴ አሉ። ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ጀሪካኖቹን አስወርደው ሲያበቁ ከመኪናው ጋቢና አንድ ከወገቡ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጡ። ውስጡ ውሃ የጠጣ የረግረግ ሽበት፣ ያ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ አረንጓዴ ተክል፣ ነበር፤ ከሽበቱ መሐል የጣቴን ቁመት የሚያህል ቀይ ነገር በቅሏል።

«ሐጂ፣ ዝንብ አስቸገረኝ ሲሉኝ አልነበር? ይኸው ዝንብ የሚበላ ሣር አመጣሁልዎት» አሉት።

አባቴ ሳቀ። «ከብት ሣር ሲበላ አውቃለሁ። ሣሩም በተራው ዝንብ ይበላል ልትለኝ ነው?»

«አላህን! እኛ አገር ረግረጉ ላይ ሞልቷል። ልጆች ሆነን ጉንዳን እየጣልንበት እንጫወት ነበር።»

አባቴ ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። «ንብስ? ንብ ይበላል?»

ሰውየው አሰብ አደረጉና «ንብ ሲይዝ አላየሁም» አሉ። አባቴ ግን አልተዋጠለትም። ማር ሻጭ ሱቅ ውስጥ ንብ ገዳይ ማስቀመጥ ነውር ነው አለ። በመጨረሻ ጠርሙሱን ተቀብዬ ከማሩ ራቅ አድርጌ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት።

ያን ቀን ቁጭ ብዬ አየሁት። ቅጠሎቹ ማንኪያ ይመስላሉ፤ የአሻንጉሊት ማንኪያ። ማንኪያው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ቀይ ፀጉር አለ፤ በእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ ደግሞ አንዳንድ የጠራ ጠብታ ተቀምጧል። ጤዛ መስሎኝ በጣቴ ነካሁት። ጣቴን ሳነሳ ጠብታው እንደ ክር ተከተለኝ። የማር ሰው ነኝና ያንን ክር አውቀዋለሁ፤ ጥሩ ማር ከማንኪያ ሲወርድ ልክ እንደዚያ ነው የሚሳበው። የደነገጥኩት ይኼኔ ነው። ይህ ነገር ማር አይደለም፤ ንብም አልሠራውም፤ ግን ማር መስሎ ተሰናድቶ የሚጠብቀው እንግዳ አለ።

እንግዳው በሦስተኛው ቀን መጣ። በሁለት ዝናብ መሐል ፀሐይ ብቅ ብላ ጠብታዎቹ ሁሉ ሲያበሩ፣ ብርዝ ላይ ከሚያንዣብቡት ጥቃቅን ዝንቦች አንዱ መስኮቱ ጋ ሁለቴ ዞረና ቅጠሉ ላይ አረፈ። አንድ እግሩ ተያዘ። ያንን ለማስለቀቅ ሌላውን እግሩን አሳረፈ፤ እሱም ተያዘ። በክንፉ ሲታገል ክንፉ ተጣበቀ። አባቴ ቁርኣን ለማንበብ ይጠቀምበት የነበረውን አጉሊ መነጽር አንስቼ ተጠጋሁ። ትንሽ ቆይቶ ከጫፍ ያሉት ፀጉሮች፣ ዝንቡ ያልነካቸው ሁሉ፣ ቀስ ብለው ወደ እሱ መታጠፍ ጀመሩ። ዓይኔ ነው ብዬ ቀና አልኩና እንደገና አየሁ። አልነበረም። እየጎነበሱ ነበር።

«አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ይንቀሳቀሳል! ተክሉ ይንቀሳቀሳል!»

ከአጠገባችን ቅቤ የሚሸጡት እትዬ ጩኸቴን ሰምተው እየሮጡ መጡ። ወቅቱ ጾመ ፍልሰታ ነበርና ቅቤ ገበያው ቀዝቅዞ ሥራ ፈትተዋል። መነጽሩን ተቀብለው ካዩ በኋላ ሦስቴ አማተቡ።

«በስመአብ! ምን ጉድ ነው? እኛ እንኳን በፍልሰታ ሥጋ ትተን፣ ሣር ይብላ?»

ከዚያ በኋላ ሱቃችን ሰው በሰው ሆነ። ሸክም የያዙት ሸክማቸውን እያወረዱ፣ ከሸማ ተራ ነጠላ ገዝተው የሚያልፉት እየቆሙ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ መነጽሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እትዬ አስተናጋጅ ሆነው «ተራ ጠብቁ! እንዳትተነፍሱበት!» ይላሉ። ሁሉም ካዩ በኋላ «እስቲ ሐጂም ይዩ» ተባለ። አባቴ ጎንበስ አለ፣ መነጽሩን አስጠጋ፣ ረጅም ጊዜ አየ።

«ሱብሃነላህ» አለ። «አየሁት። ሲንፈራገጥ አየሁት።»

ሰው ሁሉ ደስ አለው። እኔ ግን ጠርሙሱን ወደ ተሰበሰበው ሰው አዙሬው ስለነበር፣ በወዲህኛው በኩል ጎንበስ ካለው ከአባቴ ፊት የነበረው ቅጠል ባዶ ነበር። ዝንቡ በሌላኛው በኩል ነው። የሚንፈራገጥም አልነበረም፤ ከቆየ በኋላ መንቀሳቀስ አቁሟል።

ያን ማታ እቤት ስንገባ ነገሮች አንድ በአንድ ወደ ልቦናዬ መጡ። ማሩ ነጭ ነው ቀይ ብሎ የሚጠይቀኝ ለምን እንደሆነ። የስልክ መልእክት ሁሉ እኔ እንዳነብለት የሚሰጠኝ ለምን እንደሆነ። ደረጃ ሲወርድ በእግሩ የሚዳብሰው። እኔ እርጅና ነው ብዬ አልፌው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሰው ሳይገባ «አባዬ፣ ትናንት ያየኸው ቅጠል ላይ ምንም አልነበረም» አልኩት።

የሚዛኑን ሳህን መወልወል አላቆመም። «ቀይ ነገር ይታየኛል» አለ። «እንደ ደም ጠብታ። ከዚያ ወዲያ ጭጋግ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የቀኙ ቆይቷል። የግራው ዘንድሮ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ሐኪም ቤት ትወስጂኛለሽ። ዓይን ላይ ቢላ እፈራለሁ። ማሩን በምላሴ አውቀዋለሁ፣ ሰዉን በድምፁ አውቀዋለሁ፣ ሱቁን በእግሬ አውቀዋለሁ። ይበቃኛል ብዬ ነው።»

እሱ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ፀጉሩ የእውነት ይንቀሳቀሳል?»

«ይንቀሳቀሳል።»

«በራሱ? ነፋስ ሳይነካው?»

«በራሱ፣ አባዬ። ዝንቡ ወዳለበት።»

ሳህኑን አስቀመጠ። ከዚያ ከእናቴ ቀብር ወዲህ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «እንግዲያው ውሰጂኝ» አለ። ቢላ ፈርቶ ከገዛ ልጁ እንኳ የደበቀው ሰው፣ ለአንድ ጣት ለሚያህል ሣር ብሎ እሺ አለ።

ሐኪሟ የዓይን ሞራ ነው፣ ይወጣል አለችን። ቀጠሮው ለመስከረም ተያዘ። እስከዚያ ተክሉን አሳምሬ ላቆይለት ብዬ እንክብካቤ ጀመርኩ። ሽበቱ ላይ ከአበባ ሻጭ ያመጣሁትን ፍግ ጨመርኩ። ጠዋት ጠዋት የቧንቧ ውሃ አጠጣሁት። ዝንብ ሳይመጣ የዋለ ቀን ደግሞ ይራበዋል ብዬ ጥሬ ሥጋ እንደ ጤፍ ፍሬ አድቅቄ አጎረስኩት፤ አንድ ቀን ማር ሁሉ ነካ አድርጌለታለሁ። ነሐሴ ሳያልቅ ጠብታዎቹ ደረቁ። ማንኪያዎቹ ከጫፋቸው ጠቆሩ። አባቴ በየቀኑ «ዛሬስ?» ይለኛል፤ እኔም «ደህና ነው» እለዋለሁ። ዓይኑ የፈዘዘበትን አባቴን ዋሸሁት።

ያዳነችን አንዲት ደንበኛችን ናት። ከመሳለሚያ ወዲያ ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ለእናቷ ሳል ማር ልትገዛ መጣች። ማሩን እየለካሁላት ሳለ መስኮቱን አየችና ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ታውቂዋለሽ?»

«ሥራ ከጀመርኩ ጊዜ አንስቶ ሰሌዳ ላይ እስለዋለሁ» አለች። ጎንበስ ብላ፣ ሳትነካው፣ በሁለት እጇ ዙሪያውን ከለል አደረገችው። «በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም። ውጭ አገር ብቻ የሚገኝ ነበር የሚመስለኝ።»

ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳት። ፍጉን ስነግራት ዓይኗን ጨፈነች።

«ስሚኝ» አለች። «ይሄ ተክል የሚበቅልበት መሬት ድሃ ነው። ረግረጉ ውሃ አለው፣ ፀሐይ አለው፣ ሌላ ምንም የለውም። ሌሎች ተክሎች በሥሮቻቸው ከአፈር የሚያገኙትን ማዳበሪያ እሱ አያገኝም። ስለዚህ ከአየር ላይ ያጠምደዋል። ምግቡን እንደ ማንኛውም ቅጠል ከፀሐይ ነው የሚሠራው፤ ዝንቡ አፈሩ የነፈገውን ይሞላለታል። ሥሩ ፍግ አይችልም። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ጨው እንኳን ያቃጥለዋል። አንቺ ብዙ ስለሰጠሽው ነው የታመመው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ከፍጉ አውጪው። የዝናብ ውሃ ብቻ ስጪው፤ ያውም ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን ሳይሆን ከሰማይ በቀጥታ የወረደውን። ፀሐይ ያግኝ። ደግሞ አታጉርሺው። የሚበላውን ራሱ ያመጣል።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ እኔና እትዬ ግቢው መሐል ላይ ትልልቅ ሳፋ ዘርግተን ቆምን። እትዬ ፌስታል ራሳቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። ሥሩን በዝናብ ውሃ አጠብኩት፤ ከበፊቱ ሽበት ውስጥ ፍግ ያልነካውን መርጬ መልሼ ተከልኩት። የክረምቱን ውሃ በንጹሕ ጀሪካኖች ሞልቼ ለበጋው አስቀመጥኩ። ከዚያ መጠበቅ ነበር። አሮጌዎቹ ቅጠሎች አንድ በአንድ ጠቁረው ወደቁ፣ በመጨረሻ አንድ ቡናማ ጭራሮ ቀረ። መምህርቷ መጥታ አየችውና «ተዪው፣ አትጣዪው» አለች።

አባቴ መስከረም ላይ በቀጠሮው ገባ። በማግስቱ ጠዋት ሐኪሟ ፋሻውን ስታነሳ አጠገቡ ነበርኩ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ብዙ ጊዜ ተርገበገበ፤ ከዚያ ፊቴ ላይ ቆመ።

«ሽበት አብቅለሻል» አለኝ።

«እርጅና ነዋ።»

«አንቺ? መቼ?» አለና ማልቀስም መሳቅም ጀመረ፤ ሐኪሟ ዓይንዎን አይሹት እያለች ትቆጣዋለች። መንገድ ላይ ልጅ ሆነ። የታርጋ ቁጥር ያነባል፣ የሰው ጫማ ቀለም ይነግረኛል። እቤት ስንደርስ ግን የፈራሁት ጥያቄ መጣ።

«ተክሉስ?»

ዋሽቼው ነበርና እውነቱን ነገርኩት። አልተቆጣም። «የመርካቶ አቧራ እስኪፈቀድልኝ ድረስ ከዚህ አልወጣም፤ እስከዚያ አላህ ያውቃል» አለ።

ከአቧራ ተጠንቅቆ ቤት የዋለባቸው ሳምንታት እንዲያልቁ እሱም እኔም ቀን እንቆጥር ነበር። አንድ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ጭራሮው ሥር የመርፌ ጫፍ የሚያህል አረንጓዴ ነገር አየሁ፤ እንደ ቡጢ ተጠቅልሏል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተፈታ መጣ። ሲፈታ ቀይ ፀጉሩን አወጣ። ቀጥሎ፣ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ፣ በየፀጉሩ ጫፍ ጠብታው ተመልሶ ተቀመጠ። እትዬን ጠርቼ ተቃቅፈን ጮህን። ለአባቴ ግን ምንም አልነገርኩትም፤ በዓይኑ ይየው አልኩ።

ጥቅምት መግቢያ ላይ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ መጣ። መጀመሪያ መደርደሪያውን አየ፤ ነጩን ማር፣ ቀዩን ማር እየዞረ እንደ አዲስ ሰው አየ። ከዚያ መስኮቱ ጋ በርጩማ አቀረብኩለት። ተክሉ ሦስት ቅጠል አውጥቷል። የጥቅምት ፀሐይ በቀጥታ ይወርድበታል፤ እያንዳንዱ ጠብታ ውስጥ አንዳንድ ትንሽ ፀሐይ ነበረች።

አባቴ ግማሽ ቀን ከዚያ አልተነሳም። በመጀመሪያ ትልቅ ዝንብ አረፈና ታግሎ አመለጠ፤ አንድ እግሩ ግን ቅጠሉ ላይ ቀረ። አባቴ «ጉልበት ያለውን አይችለውም» አለ። ወደ ረፋዱ ትንሿ ዓይነት መጣች። ስትያዝ፣ ፀጉሮቹ ሲጎነብሱ፣ ጠብታዎቹ ተገናኝተው ገላዋን ሲያለብሷት፣ ዓይኑን ከአጉሊ መነጽሩ አልነቀለም። መምህርቷ የነገረችኝን እየደጋገምኩ አስረዳሁት። ዝንብ የሚተነፍሰው በጎኑ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው፤ ማጣበቂያው ይደፍናቸዋል። ከዚያ ቅጠሉ ራሱ እንደ ሆድ ፈሳሽ አውጥቶ ያሟሟታል። ከቀናት በኋላ ቅጠሉ ሲከፈት ባዶ ቅርፊቷ ብቻ ይቀራል፤ ነፋስ ይወስደዋል።

«አንጎል አለው?»

«የለውም።»

«ዓይንስ?»

«የለውም፣ አባዬ። ሲነካ ያውቃል። የሚበላ ነገር መሆኑንም ያውቃል። አቧራ ቢወድቅበት እንደዚህ አይታጠፍም ትላለች መምህርቷ።»

አጉሊ መነጽሩን አወረደ። «እንዴት እንደሚሠራ ነገርሽኝ፤ ገባኝም» አለ። «ግን ስለገባኝ መገረሜ አልቀነሰም። ጭራሽ ባሰብኝ።»

ኅዳር ላይ ከቅጠሎቹ መሐል አንድ ቀጭን ዘንግ ወጣ። በየቀኑ እያደገ ከቅጠሎቹ በላይ አንድ ስንዝር ከፍ አለ። ጫፉ ላይ እንቡጦች ነበሩ። ለምን ይሄን ያህል ራቀ ብዬ መምህርቷን ስጠይቃት፣ አበባው ዘር ለማፍራት የሚረዱት ነፍሳት እንዳይጠመዱበት ብሎ ነው ይባላል አለችኝ። አባቴ ይህን ሲሰማ ተነስቶ ሄደና ዘንጉን ከሥር እስከ ጫፍ በዓይኑ ለካው።

አበባው አንድ ጠዋት ተከፈተ። ሐምራዊ ነው፤ ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጥም። እኩለ ቀን ሳይደርስ እንደሚዘጋ ተነግሮናልና አባቴ ከፈጅር ሶላት በኋላ ቁርሱን ሳይበላ መጥቶ ተቀምጧል። ማር ቤት ነውና ንብ አይጠፋም፤ አንዷ በመጋረጃው ክፍተት ገባች። ጀሪካኖቹን ዞረች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደች።

አባቴ እጄን ያዘ። ንቧ ከቀይ ቅጠሎቹ በላይ፣ ክንፏ ጠብታዎቹን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ወረደች። እኔ ልነሳ ስል እጄን ጨመቀው። ንቧ ወደ ላይ ተመለሰች፣ አበባው ላይ አረፈች፣ ቀጭኑ ዘንግ በክብደቷ ጎበጠ። የአበባውን መሐል በእግሯ ፈተሸች። ከዚያ ተነስታ በመጣችበት ወጣች። ዘንጉ ቀና አለ።

አባቴ ትንፋሹን የለቀቀው ያኔ ነው። «ከታች ወጥመድ፣ ከላይ ማዕድ» አለ። «አንድ ሥር ላይ።» ከዚያ በኋላ ንብ ይበላል ብሎ ሰግቶ አያውቅም።

ዘሩ ከትንባሆ ብናኝ የደቀቀ ነበር። ግማሹን መምህርቷ ወስዳ ዘራችው። የካቲት ላይ፣ በዓይን የማይያዙ ችግኞች እንደበቀሉላት ነግራን አባቴን ትልቁን ተክል ይዞ ክፍሏ እንዲመጣ ጋበዘችው። ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቀው አባቴ አዲስ ጋቢ ደርቦ፣ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ክፍል ገባ። ተማሪዎቹ ተነስተው ተቀበሉት። መምህርቷ ከፊት ወንበር አስቀመጠችው፤ እሱም ያየውን ሁሉ፣ ስለ ዓይኑ ሳይቀር፣ ነገራቸው። አንድም ተማሪ ስልኩን አልነካም።

ሲጨርስ ከመሐል አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ሐጂ፣ ዝንቡ አያሳዝንዎትም?»

የተወሰኑት ሳቁ። አባቴ ግን አልሳቀም።

«በፊት አያሳዝነኝም ነበር» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስገድለው ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን ግን አይቼው አላውቅም። አሁን በመነጽሩ አየሁት። ክንፉ ላይ እንደ መስኮት መስታወት የተከፋፈለ ሥራ አለ። ዓይኑ ቀይ ነው፤ ብዙ ዓይን ነው። የሚይዘው ተክል የአላህ ሥራ ከሆነ፣ የሚያዘውም የእሱ ሥራ ነው። አዎ፣ ልጄ፣ ያሳዝነኛል። ግን ዓይኔን ማንሳት አልችልም።»

ልጅቷ ተነስታ መጣችና መነጽሩን ተቀበለችው። ሌሎቹም ተከተሏት። በመስኮቱ የገባች አንዲት ትንኝ ዝቅተኛው ቅጠል ላይ አርፋ ነበር፤ የዳር ፀጉሮቹ መጎንበስ ጀምረዋል። የእረፍት ደወል ተደወለ። ከኮሪደሩ የሌሎች ክፍል ተማሪዎች ሩጫ ይሰማል። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን ማንም አልወጣም፤ መምህርቷም ውጡ አላለችም።